ጠርሙሱን ለሐኪምሽ አሳዪ



ባለፈው የዕረፍት ቀኔ ሻርጃ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ልጅ ጥግ ይዛ ጠበቀችኝ። የምትሠራው አጅማን ነው። ከቦርሳዋ ሁለት ጠርሙስ አወጣች። በአንዱ ያለው የአሠሪዋ እናት የሰጠቻት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። በሌላው ያለው እናቷ በሰው የላከችላት ጠበል ነው። የጡት ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ሐኪሙም ኬሞ የምትጀምርበትን ቀን ቆርጦላታል።

«እትዬ፣ ኬሞውን ትቼ በእነዚህ ብሞክርስ? ሰው ሁሉ ኬሞ ነው የሚገድለው ይለኛል» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ግን ለማንም ሳልናገር ለራሴ ብቻ ነበር። ለዚያች ልጅ የነገርኳትን ዛሬ ለአንቺም ልንገርሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት የሠራሁ፣ ታምሜ የታከምኩ፣ አሁን ደግሞ የታመሙ እኅቶችን የምጠይቅ ሴት ነኝ።

የእኔ ሰባት ወር

ያኔ የምሠራው ዱባይ፣ ሚርዲፍ ነበር። ሰውነቴን ስታጠብ በግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። አያመኝም ነበር። ስላላመመኝም «ካንሰር ቢሆን ያመኝ ነበር» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በኋላ እንደተረዳሁት የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

እውነቱን ለመናገር የፈራሁት በሽታውን ብቻ አልነበረም። «ታማለች ብለው ወደ አገሬ ይመልሱኛል» ብዬ ፈራሁ። የደላላው ዕዳ ገና አላለቀም፤ የሁለት ወንድሞቼ የትምህርት ቤት ክፍያም በእኔ ላይ ነበር። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ስልኬን ከፍቼ መድኃኒት መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ሰው በቴሌግራም «ማንኛውንም እባጭ ያቀልጣል» የሚል ዱቄት ይሸጥ ነበር። 900 ድርሃም ላክሁለት፤ የአንድ ወር ደመወዜ ማለት ነው። በየማለዳው በማር እየለወስኩ በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ሲያስመልሰኝ «መርዙ እየወጣ ነው፤ አታቋርጪ» አለኝ።

በሰባት ወር ውስጥ ሽምብራው ሎሚ አከለ። አንድ ቀን ምንጣፍ ስጠርግ ክንዴን አላነሳ ብሎኝ ማዳም አየችኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት አልተቆጣችም፤ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ማዳም ሁሉ እንዲህ ናት ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ የፈራኋት ሴት ነበረች የረዳችኝ።

ሐኪሟ ቶሎ መጥቼ ቢሆን ኖሮ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማዳን ይቻል እንደነበር ነገረችኝ። አሁን ግን ጡቱ በሙሉ ተወገደ፤ ከዚያም ኬሞና የጨረር ሕክምና ተከተለ። እነሆ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እየሠራሁ ነው፤ ክኒኔንም እየዋጥኩ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ሰባቱን ወር ግን የሚመልስልኝ የለም።

የሚያግዝና የሚተካ

ከሆስፒታል ውጭ ያለው ሕክምና ሁሉ አንድ አይደለም። በሁለት ክፈዪው።

አንደኛው አጋዥ ሕክምና ነው። የሐኪሙን መድኃኒት እየወሰድሽ ጎን ለጎን የምታደርጊው ነው፤ ዝንጅብል ሻይ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ማሳጅ፣ ጸሎት። ሁለተኛው ምትክ ሕክምና ነው። የሐኪሙን ትተሽ በቦታው የምታስገቢው ማለት ነው። ያው አንድ ዝንጅብል አጋዥም ምትክም ሊሆን ይችላል። የሚለየው የሆስፒታሉ ቀጠሮ ተጠብቋል ወይስ ቀርቷል የሚለው ነው።

በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይተዋል። 281 ሰዎች ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ ተገኝቶ ሳለ ሕክምናውን ትተው ምትክ ብቻ መረጡ። ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት አደጋቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። ከእነርሱ መካከል የጡት ካንሰር የነበረባቸው ሴቶች አደጋ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

በአገራችንም አዲስ አበባ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ሴቶች መጀመሪያ ወደ ጠበልና ወደ ባህል ሐኪም ሄደው ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። «ኬሞ ገደላት» የምንላት ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ሠራጭቶ ኬሞው ሊያድናት በማይችልበት ጊዜ የደረሰች ናት። ኬሞ ከባድ ነው፤ አልዋሽሽም። ፀጉሬ ረግፏል፤ ምግብ አስጠልቶኛል። ግን ለማስመለሱ መድኃኒት አለው፤ ፀጉሬም ተመልሶ በቅሏል።

«መድኃኒት ከቅጠል አይደለም ወይ?»

አዎ፣ ከቅጠል የሚወጣ አለ። በዱባይ ግቢዎች ውኃ የምናጠጣው ቪንካ የሚባል ሮዝና ነጭ አበባ አለ፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ከእርሱ የተገኘ ነው፤ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ይታከሙበታል።

ከእኛ አገር የወጣም አለ። አጣጥ የሚባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ታውቂው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ዝርያ ሜይታንሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ ነገር ማውጣታቸውን አስታወቁ። በበሽተኞች ላይ ሲሞከር ግን መርዝነቱ በዛና ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእርሱ የተሠራውን ነገር በካንሰሩ ሴል ላይ ከሚጣበቅ ሌላ መድኃኒት ጋር አያያዙት። ይህም እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

አርባ አንድ ዓመት ማለት ነው። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት ያለፈው ስንት እንደሚያድን፣ ስንት እንደሚገድል፣ ለማን እንደሚሰጥ በመለካት ነው። እኔ በማር ለውሼ የዋጥኩትን ዱቄት ግን ማንም አልለካውም። ውስጡ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በየቤቱ የሚሰጡን ነገሮች

ጥቁር አዝሙድ። እዚህ አገር ለሁሉም በሽታ ይሰጣል። በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የካንሰር ሴልን ሲጎዳ ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን ካንሰርን ለማዳኑ ማስረጃ የለም። በድፎ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ችግር የለውም። በማንኪያ እየተለካ የሚጠጣው ዘይት ግን እንደ መድኃኒት ስለሆነ ለሐኪምሽ ተናገሪ።

ዝንጅብል፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት። በወጥ ውስጥ ብዪያቸው። ዝንጅብል አንዳንድ ሰው ላይ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፤ እኔንም ረድቶኛል። በእንክብል ተጨምቀው የሚሸጡት ግን ደም እንዳይረጋ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃት ሴት አደጋ ነው።

ኮሶና ስሙ የማይታወቅ የሐበሻ ዱቄት። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ሌሎቹም ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ኬሞውን ከሰውነትሽ የሚያወጡት እነዚሁ ጉበትና ኩላሊት ናቸው። እነርሱ ከተጎዱ ሐኪሙ ኬሞውን ለማቆም ይገደዳል።

የግመል ሽንት። በዚህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ለካንሰር ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሜርስ በተባለው በሽታ ምክንያት የግመል ሽንትም ሆነ ያልፈላ የግመል ወተት እንዳይጠጣ መክሯል። ትልቅ ሰው በፍቅር ቢሰጥሽ «ሐኪሜ ከልክሎኛል» በይ። ይህ መልስ ማንንም አያስቀይምም።

የአፕሪኮት ፍሬ። «ቫይታሚን ቢ 17» እየተባለ ይሸጣል፤ ቫይታሚን ግን አይደለም። ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይሆናል። በጭራሽ አትንኪው።

ዋግምት። እዚህ ሒጃማ ይሉታል። ፈቃድ ያላቸው ቦታዎች አሉ። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ግን ደሟ ቶሎ አይቆምም፤ ቁስልም ቶሎ ያመረቅዝባታል። በሰው ቤት በማይታወቅ ምላጭ የሚደረገው ደግሞ የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል። እብጠት ላይ ዋግምት ማድረግም ሆነ በጋለ ብረት መተኮስ ካንሰርን አያወጣም፤ ቁስል ብቻ ያተርፋል።

መራመድና ማሳጅ። የካንሰርን ድካም በማቃለል ረገድ መራመድ በጥናት የተረጋገጠ ነው። እኔ በየማታው ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ እዞር ነበር። ለስላሳ ማሳጅም ያሳርፋል፤ እብጠቱና ቁስሉ ያለበት ግን አይነካ።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ያዢልኝ። ኬሞ ላይ ሆነሽ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ሻይም ዘይትም አትሞክሪ፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂጂ። አምቡላንስ 998 ነው።

ስለ ጠበልና ስለ ጸሎት

«ሆስፒታል መሄድ እምነት ማጉደል ነው» የሚሉሽ አሉ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ፤ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ ትረጃለሽ።

እኛ ካቶሊኮችም የራሳችን ጠበል አለን። ከ1858 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፈረንሳይ ወደምትገኘው ሉርድ እጅግ ብዙ ሕሙማን ይሄዳሉ። የሚሄዱት ግን ከነመድኃኒታቸው፣ ከነሐኪማቸውና ከነነርሳቸው ነው። በዚያ ስፍራ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ አለ። «ዳንኩ» የሚለውን ሰው የሕክምና ወረቀት በጥንቃቄ ይመረምራሉ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ተአምር ናቸው ብላ ያወጀችው ከ70 ጥቂት ከፍ ያሉትን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለምስክርነት ሐኪም የምትጠራ ከሆነ አንቺ ሐኪም ቤት ብትሄጂ ምን ኃጢአት አለው?

ስለዚህ ጠበልሽን ያዢ። በኬሞ ወቅት ሰውነት ኢንፌክሽን መቋቋም ስለሚያቅተው በሻንጣ ቆይቶ የመጣ ውኃ ከመጠጣት ይልቅ መረጨቱ ወይም በግንባር ላይ ማማተቡ ይሻላል። ኦርቶዶክስ እኅቴ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ፤ ሕመምተኛ ከጾም ነፃ እንደሆነች ይነግሩሻል። ሙስሊም እኅቴ፣ ዘምዘሙም ሩቅያውም ቀጠሮሽን አይከለክልሽም። ካቶሊክ የሆንሽ ካህኑን ምስጢረ ቀንዲል ለምኚ፤ ለሚሞት ሰው ብቻ ሳይሆን ለሚታከምም ይሰጣል። እኔ ቀዶ ሕክምና ከመግባቴ በፊት ተቀብያለሁ። እብጠቱ አልጠፋም፤ እኔ ግን ሳልንቀጠቀጥ ገባሁ።

አታላይን በምን ታውቂዋለሽ?

ለካንሰርም፣ ለስኳርም፣ ለመካንነትም አንድ መድኃኒት የሚሸጥ፣ «ምንም ጉዳት የለውም» የሚል፣ በውስጡ ያለውን የማይነግርሽ፣ ገንዘቡን አስቀድመሽ እንድትልኪ የሚያስቸኩልሽ ሰው አታላይ ነው። ከሁሉ የከፋው ምልክት «የሐኪሙን አቁሚ» ወይም «ለሐኪሙ አትንገሪ» የሚለው ነው። ይህን ስትሰሚ ስልኩን ዝጊው። ስም የሌለው ቅጠልና ዱቄት በሻንጣ ማስመጣትም በኤርፖርት ችግር ያመጣል፤ ጫት ደግሞ በዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው።

«ሥራዬን አጣለሁ» ብለሽ ከፈራሽ

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ ከንቱ ነውም አልልሽም። ውልሽ ሊቋረጥ ይችላል። ግን መብትሽንም እወቂ። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው የደም ምርመራና ኤክስሬይ እንደ ኤችአይቪና ቲቢ ያሉትን ተላላፊ በሽታዎች ይፈልጋል፤ ካንሰር ከእነርሱ ውስጥ አይደለም።

በዱባይ ከ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪ የጤና ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ከደመወዝሽም መቁረጥ አይችልም። በመሠረታዊው ኢንሹራንስ ውስጥ ያለች ሠራተኛ ባስማ በሚባለው ፕሮግራም የጡት፣ የማኅፀን ጫፍና የአንጀት ካንሰር ምርመራና ሕክምና ታገኛለች። በሻርጃና በአጅማን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣላት ወይም ሲታደስላት አሠሪው ኢንሹራንስ እንዲገዛላት ግድ ሆኗል፤ መነሻ ዋጋው በዓመት 320 ድርሃም ነው። ካርድሽ ምን እንደሚሸፍን ክሊኒኩ መቀበያ ላይ በኤሚሬትስ መታወቂያሽ ማስጠየቅ ትችያለሽ።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል፤ 15ቱ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ 15ቱ ያለ ደመወዝ። ለዚህም ከሐኪም የተሰጠ ወረቀት ያስፈልጋል። ሕክምና ከተከለከልሽ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር በ600590000 ወይም ስለ መብትሽ ለመጠየቅ በ80084 ደውዪ። ሻርጃ የሚገኘው የካንሰር ሕሙማን ወዳጆች ማኅበር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕሙማንን ይረዳል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፒንክ ካራቫን የሚባለው ዘመቻውም በየኤሚሬቱ እየዞረ ጡት በነፃ ይመረምራል። ወረቀት የሌለሽ ከሆንሽ ብቻሽን አትደበቂ፤ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነይ።

ወደ አገር ለመግባት ከወሰንሽ የባዮፕሲውን ውጤትና የሕክምናውን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ግቢ፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀት ይዛ የምትሄድ ሴት ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያ አትጀምርም።

ዛሬ የምታደርጊው

በወር አንድ ጊዜ፣ የወር አበባሽ ካለፈ በኋላ፣ ስትታጠቢ ጡትሽንና ብብትሽን ዳስሺ። ጠጣር ነገር፣ የቆዳ መጎድጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት፣ እንዲሁም ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም ካለ ተመርመሪ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ግን ይህን የሚያውቀው የመረመረው ሐኪም ነው እንጂ አንቺም እኔም አይደለንም።

ዐረብኛው ከጠፋብሽ እነዚህ ይበቃሉ። «አብጋ ዶክቶራ» ማለት ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ነው። «ፊ ኩትላ ሂኒ» እዚህ እብጠት አለ። «አና አሽረብ አዕሻብ» ቅጠላ ቅጠል እጠጣለሁ። የመጨረሻዋን መናገር አትፈሪ። ሐኪም የሚቆጣው ስትጠጪ ሳይሆን ስትደብቂ ነው።

የአጅማኗ ልጅ ሁለቱንም ጠርሙስ እንድትጥል አልነገርኳትም። ይዛቸው ወደ ቀጠሮዋ እንድትሄድ ነው የነገርኳት፤ አብሬያትም ሄድኩ። ሐኪሟ የዘይቱን ጽሑፍ አነበበና «ኬሞው እስኪያልቅ ይቆይ» አለ። ጠበሉን ሲያይ «ይህ ምንድነው?» አለ፤ ነገርነው። «ከመጠጣት ተቆጠቢ፤ ጸሎቱን ግን አታቋርጪ» አላት። በዚያው ዕለት የመጀመሪያውን ኬሞ ወሰደች። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ሲገባ ጠርሙሱን በጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ገና አምስት ዙር ይቀራታል። በጸሎታችሁ አስቧት።